ለአራተኛ ጊዜ ለመሞት ፈቃደኛ ስላልሆነችው እናቴ

ለተከበሩ የሕንፃችን የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ቤተሰብዎ፣ ለትጉሁ ምክትልዎና ለድምፅ ማጉያዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህች ደብዳቤ ከመውጫው በር አጠገብ በሚገኘው የምድር ቤት መኖሪያዎ ውስጥ በሙሉ ጤንነትና በተስተካከለ የደም ግፊት እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአምስተኛው ፎቅ የምኖር፣ በመድኃኒት ቤት ሠራተኝነት የምተዳደር፣ በዝምድና በኩል ደግሞ ኮሚቴዎ በልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ የገደላት ሴት ልጅ ነኝ። የእኔን ስም ቢረሱት ቅር አልሰኝም፤ እናቴን ግን ይረሷታል ብዬ አልጠረጥርም፤ ከነዋሪው ሁሉ መካከል ኮሚቴውን በቋሚ ሟችነት የምታገለግለው እሷ ብቻ ናትና።

ደብዳቤዬን በደረጃው መግቢያ ላይ፣ ከእርስዎ ሪፖርት ጎን መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል በቢሮዎ በር ሥር ያሾለክኋቸው ማመልከቻዎች መልስ ሳያገኙ ቀርተዋል፤ ምናልባት ሁለተኛው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ጠረጴዛዎ ላይ ስላልደረሱ እነሱም እንደ ሟች ተቆጥረው ይሆናል። ጥያቄዬ አጭር ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ሊደረግ በታሰበው ልምምድ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና ከዚያም በኋላ በሚመጣው እውነተኛ አደጋ ሁሉ፣ እናቴ ከሕያዋን ወገን እንድትቆጠርና የሚያወርዳት ሰው እንዲመደብላት እጠይቃለሁ።

ይህን በመጠየቄ የኮሚቴውን ውለታ የዘነጋሁ እንዳይመስልብዎ። እርስዎ ወደዚህ ኃላፊነት ከመምጣትዎ በፊት እኛ የዚህ ሕንፃ ነዋሪዎች አደጋ ሲደርስ ዝም ብለን የምንሯሯጥ ኋላ ቀር ሰዎች ነበርን። የውኃው ቧንቧ ፈንድቶ ደረጃው በተጥለቀለቀበት ዓመት ጎረቤት የጎረቤቱን በር እየደበደበ፣ ጎረምሳው አሮጊቷን አዝሎ፣ ያለ አንዳች ዕቅድና ያለ አንዳች ፊሽካ ሁላችንም ወጣን። ዛሬ ያንን ሳስታውስ በሥርዓት አልባነታችን አፍራለሁ። እርስዎ ግን ደማቅ ሰደርያ አልብሰው፣ በየፎቁ አሰልፈው፣ ሰው ሳያሳስበን መውጣትን አስተማሩን፤ ስለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁን እንጂ ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ ከታች በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ፤ ኮሚቴው ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

፩. ስለ መጀመሪያው ሞት። በመመሪያዎ መሠረት አንደኛው ፊሽካ ሲነፋ ነዋሪው ይወጣል፤ ሁለተኛው ሲነፋ መኪና ማቆሚያው ላይ ያልተገኘ ሰው ሟች ነው። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ግልጽ ያልሆነው የእናቴ ጉልበት ነው። ከወንበሯ ተነስታ መስኮቱ ጋ ለመድረስ እንኳ ግድግዳ ትደገፋለች። ሊፍቱን በተመለከተ፣ በሩ ላይ «በአደጋ ጊዜ አይጠቀሙ» የሚል ማስታወቂያ ከለጠፉበት ቀን ጀምሮ መመሪያውን ከሁላችንም በላይ አክብሮ፣ አደጋ በሌለበት ጊዜም ከቆመበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። በዚያ የመጀመሪያ ልምምድ ታዲያ፣ እኔ እንደ ሌሎቹ ልምምዶች ሁሉ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ እናቴ ከዘራዋን ይዛ፣ የደረጃውን ብረት ጨብጣ፣ አራተኛው ፎቅ ደርሳ ነበር። ሁላችንም ፊሽካው እያልን የምንጠራቸው ምክትልዎ ወደ ላይ ወጥተው ሲያገኟት በታላቅ ትሕትና «እማማ፣ እርስዎ ሞተዋል፤ ይመለሱ» አሏት። ተመለሰች። ከሞተች በኋላ ፎቅ በእግሯ የወጣች የመጀመሪያዋ ሰው እናቴ ሳትሆን አትቀርም፤ ይህን ክብር ያጎናጸፏት እርስዎ ስለሆኑ ላመሰግንዎ ይገባል።

፪. ስለ ሁለተኛው ሞትና ስለ ዝምታው። በሁለተኛው ልምምድ እናቴ ከልምድ ተምራ ከቤቷ አልወጣችም። ነገር ግን መኪና ማቆሚያው ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ በመስኮት ብታይ አላስችል ብሏት «እኔስ ልጆቼ? እኔን የሚያወርደኝ የለም?» ብላ ጮኸች። በዚያ ሰዓት እርስዎ በድምፅ ማጉያው ንግግር ላይ ስለነበሩ መቋረጥዎ በጣም አሳዝኖኛል። በማግስቱ የደረሰን ማስጠንቀቂያ «ሟቾች በልምምድ ወቅት ድምፅ ማሰማትም ሆነ በመስኮት ብቅ ማለት የሕያዋንን ሞራል ስለሚነካ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ ከዚያም ለእኔ ሰጥታ አስነበበችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ከሕግ ጋር ተጣልታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከሐኪም ትእዛዝ እኩል ታከብራለች። ስለዚህ በሦስተኛው ልምምድ ጸጉሯን ተበጥራ፣ የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ወንበሯ ላይ ጭጭ ብላ ሞተች። ከሥራ ስመለስ «ዛሬስ ደህና አድርጌ ሞትኩ?» ብላ ጠየቀችኝና ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

፫. ስለ ቦርሳዋ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ እንዲያዘጋጅ ባዘዙ ጊዜ ከዚህ ሕንፃ ነዋሪ ሁሉ ነገሩን ከልቧ የያዘችው እናቴ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእጅ ባትሪ፣ የታሸገ ውኃ፣ ብስኩት፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የደም ግፊት ክኒን፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ በዚያ ላይ ደግሞ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚያለቅስ ሕፃን ቢኖር ለማባበያ ብላ አንድ ጭብጥ ከረሜላ አኖረች። ከሦስተኛው ሞቷ በኋላ ኮሚቴው «ሟች ቦርሳ አያስፈልጋትም» በሚል ብልህ ውሳኔ ቦርሳውን ወሰደ። ብስኩቱ በግምገማው ስብሰባ ላይ መቅረቡን ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ብስኩት ስለሆነ እንደጣፈጣችሁ ተስፋ አለኝ። ክኒኖቹ ማን ዘንድ እንደደረሱ ግን እስካሁን አልታወቀም። እርስዎ ዘንድ ከሆኑ በባለሙያነቴ የምመክርዎ ሳይቋረጥ፣ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲወስዷቸው ነው።

፬. ስለ ቃሬዛው። ከሁላችንም መዋጮ የተገዛው ቃሬዛና እሱን እንዲሸከሙ የተመደቡት አራት ፈርጣማ ወጣቶች በእያንዳንዱ ልምምድ ድምፅ ማጉያውን ከነባትሪው ተሸክመው እንደሚያወርዱ ጎረቤቶቼ ሁሉ ይመሰክራሉ። ድምፅ ማጉያው በአንዱም ልምምድ ሞቶ አያውቅም። እንኳን ደስ አለው።

፭. ስለ ባለፈው ቅዳሜ። ክቡር ሆይ፣ ይህኛው ቅሬታ ትንሽ ስለሚረዝም ወንበር ስበው እንዲቀመጡ እለምናለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተነሳው እሳት እንደ ሌሎቹ የልምምድ እሳት አልነበረም፤ የሚያቃጥለው ዓይነት ነበር። የተነሳው ከኮሚቴው ቢሮ፣ የድምፅ ማጉያውን ባትሪ ለመሙላት ተሰክቶ ከሚከርመው ገመድ መሆኑን ግን ጨዋነት ስለማይፈቅድልኝ አላነሳውም። ጭሱ በደረጃው ሽቅብ ወጣ፤ ፊሽካው ተነፋ፤ ነዋሪውም እንደ ተማረው ወረደ። እኔ የግማሽ ቀን ሥራዬን ጨርሼ የተመለስኩት በዚህ መሐል ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያማረ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ሁሉም መኪና ማቆሚያው ላይ በየፎቁ ተሰልፎ ቆሟል፤ እርስዎም ሰደርያዎን እንደለበሱ በድምፅ ማጉያው «የሕንፃችን ነዋሪ በሙሉ ያለ አንዳች ጉዳት ወጥቷል» እያሉ ሲያውጁ ሕዝቡ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጨብኩ። እያጨበጨብኩ ወደ አምስተኛው ፎቅ ሰልፍ ሄጄ እናቴን ፈለግኋት፤ አጣኋት። ሌላው ሰልፍ ውስጥም የለችም። ወደ ምክትልዎ ሮጬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው፣ በጣታቸው ወደ ታች እየተከተሉ ከፈለጉ በኋላ፣ ዳቦ አልቋል እንደሚል ባለሱቅ በተረጋጋ ድምፅ «እህቴ፣ እናትሽ እኮ ሟች ናቸው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ለጥቂት መስመር እንድተወው ይፍቀዱልኝ። አስፋልቱ ላይ ዘጭ አልኩ። አምስት ፎቅ የሚያህል ጭስ ፊት ለፊቴ እየተትጎለጎለ፣ እናትሽ ሞተዋል የተባለ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? አገኟት፣ አወረዷት፣ አልተረፈችም ብዬ አሰብኩ። ሬሳዋን በዓይኔ ፈለግሁ። ምክትልዎ ሁኔታዬን ሲያዩ ግራ ተጋብተው «ምን ሆንሽ? በዕቅዱ ላይ ማለቴ እኮ ነው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ያስደሰተኝም ያስቆጣኝም የለም፤ እናቴ አልሞተችም ማለት ነበርና፤ ደግሞም እዚያው ላይ ትተዋታል ማለት ነበርና።

ያነሳኝ የአራተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ሲወርድ እናቴ ትዝ ብላው ከመንገድ ተመልሶ እንደነበር፣ ምክትልዎ ግን ደረጃው ላይ እጃቸውን ዘርግተው «የአምስተኛው ፎቅ ጉዳይ ያለቀ ነው፤ አታጨናንቅ» እንዳሉት፣ እሱም ያለቀ ማለት የወረደች መስሎት እንዳመናቸው እየሮጠ ነገረኝ። ውኃ የተነከረ የመጋረጃ ጨርቅ አፋችን ላይ ጠቅልለን ወጣን። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። በራችንን ስከፍት ቤቱ በጭስ ደፍርሷል፤ መስኮቱ ተዘግቷል። እናቴ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ሳሏን ለማፈን ሻርፗን በሁለት እጇ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃዋለች። እኔ «እማ!» ብዬ ስጮህ ምን ያደረገች ይመስልዎታል? ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንድል ምልክት ሰጠችኝ።

ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር አንዱን አንስተን፣ እላዩ ላይ አስቀምጠን፣ ልብስ ሰፊው ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን አወረድናት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ስታገኝ መስኮቱን ከፍታ ያልተጣራችው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ልምምድ መስሎኝ ነው፤ እንዳላበላሽባቸው ብዬ ነው፤ ሟች አይጮህም ብለውኝ የለም?» አለችኝ። ጭሱንስ አላየሽም ብላት፣ ዘንድሮ እውነተኛ አስመስለው አሠሩት ብላ ኮሚቴውን በልቧ ስታደንቅ መቆየቷን ነገረችኝ። ታች ስንደርስ ቃሬዛው መኪና ማቆሚያው መሐል ቆሟል፤ ድምፅ ማጉያው አቧራ እንዳይነካው ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቶበታል። እናቴን እዚያው ጎን አስፋልቱ ላይ አስቀመጥናት።

ቁጥር መስጠቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በየትኛው ቁጥር ሥር እንደማስገባው አላውቅም። ሰኞ ዕለት በለጠፉት ሪፖርት ላይ «የታቀደ ሟች፦ አንድ፤ የተከናወነ፦ የለም» የሚል አንብቤ፣ አጠገቡ ደግሞ ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ያልተሳካበት ምክንያት «ከውጭ በመጣች ነዋሪ ጣልቃ ገብነት» መሆኑን አይቻለሁ። ለልብስ ሰፊውም ሥርዓት ጥሶ ወደ ኋላ በመመለሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ማስጠንቀቂያውን ከስፌት መኪናው በላይ፣ ደንበኛ ሁሉ በሚያይበት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እኔም የእናቴን መሞት በማሰናከል መከሰሴን እንደ ትልቅ ሹመት እቆጥረዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት ከየትም ትምህርት ቤት አላገኘሁም።

እናቴ ስላለችበት ሁኔታ የጠየቀኝ የኮሚቴ አባል ባይኖርም ልንገርዎ። ደረቷ ገና አልጠራም። ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ውጭ የመኪና ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ፊሽካው ነው ወይ እያለች ትጠይቀኛለች፤ አይደለም ስላት ደግሞ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ይቅርታዋ ከሳሉ የበለጠ ያመኛል። ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ በሕይወት በመኖሩ እንዲያፍር ያደረገ ኮሚቴ ላይ ተናድጃለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሁን ወደ ትሕትናዬ ልመለስ። ከቃጠሎው በኋላ የኮሚቴው ቢሮ ተጠግኖ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ዕቃው ሳይገባበት ባዶውን ተቀምጧል። ምድር ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ክፍል ነው። የእናቴ አልጋና የእኔ ፍራሽ ተመቻችቶ ይገባበታል። በምትኩ ለኮሚቴው የአምስተኛ ፎቅ ቤታችንን በደስታ እንለቃለን። አየሩ ንጹሕ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ከነሰልፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ደረጃው ለልብ ጤና ይጠቅማል፤ በዚያ ላይ ስብሰባችሁ ያጥራል። ፊሽካ ሲነፋ ከአምስተኛ ፎቅ መውረድ ምን እንደሚመስል ኮሚቴው ራሱ ቢለማመደው ለሙያው የሚጨምረው ዕውቀት ቀላል አይደለም። ይህ የማይሆን ከሆነ ቃሬዛውን ብቻ ይስጡን፤ ተሸካሚ እኛው እናዘጋጃለን።

ሁለቱም የማይሆኑ ከሆነም ይህን ብቻ አስቀድሜ ላሳውቅዎ እወዳለሁ። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ፎቅ ያለን ነዋሪዎች ልብስ ሰፊው ቤት ተሰብስበን ተመካክረናል። በወሩ መጨረሻ ፊሽካው ሲነፋ ሁላችንም መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ላይ ነው። እናቴን ይዘን፣ በእሷ እርምጃ፣ ስታርፍ እያረፍን እንወርዳለን። ሁለተኛው ፊሽካ መሐል መንገድ ላይ እንደሚያገኘን የታወቀ ነው፤ በመመሪያዎም መሠረት የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ ሞቷል ማለት ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ እርስዎ፣ ምክትልዎና ድምፅ ማጉያው ብቻ ስለምትሆኑ ንግግርዎን የሚያቋርጥ አይኖርም። ለሪፖርቱ ሰፋ ያለ ወረቀት እንዲያዘጋጁ በአክብሮት እናሳስባለን።

ከማያልቅ አክብሮት፣ ከማይነጥፍ ምስጋናና ከአምስተኛ ፎቅ ከሚሰማ ሳል ጋር፣
የክቡርነትዎ ታዛዥ ለመሆን ብዙ የሞከረች፣
ያልተሳካው ዕቅድዎ ምክንያት፣
የቋሚ ሟችዎ ልጅ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ስጽፍ እናቴ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ከእኔ ይልቅ ጨዋ ስለሆነች ሰላምታዋን እንዳስገባላት፣ በእሷ የተነሳ ስለተፈጠረው ችግርም እንዳይቀየሙ እንድነግርዎ አዘዘችኝ። ከዚያም አንድ ጥያቄ እንድጨምርላት አደራ አለችኝ። እናትዎ በሕይወት ካሉ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ ማወቅ ትፈልጋለች። ከላይ ከሆኑና የሚያወርዳቸው ከሌለ፣ ሰው እንልክላቸዋለን ብላለች።